መርዶ ነጋሪው ኮሎኔል

ኮሎኔሉ ሞቱ። «አረፉ» ወይም «ተለዩን» ብዬ ብጀምር እኔንም በቀለለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን አይወዱትም። አንድ ወጣት ሐኪም በሆስፒታላችን ኮሪደር ቆሞ ለአንዲት እናት የልጇን ሞት ሲናገር በጣም ዙሪያ ጥምጥም ከመሄዱ የተነሳ፣ ሴትየዋ ልጇ የተረፈ መስሏት እጁን ይዛ አመሰገነችው። ኮሎኔሉ ይህን ካዩ በኋላ ሐኪሙን ጎትተው ሻይ ክፍል አስገቡትና በሩን ዘጉ። «ሞተ የሚለው ቃል ቀድሞ ከአፍህ ይውጣ» ሲሉት ከውጭ ሰማኋቸው። «ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለህ ትናገራለህ። እሱን ካላልክ ግን ሰው መስማት የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚሰማው።»

እነሆ፣ እኔም አስቀድሜ ተናግሬያለሁ።

ወሬው የደረሰኝ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። በመጨረሻ የተኙበት የሕሙማን ማረፊያ ነርስ ደውላ፣ «ሲስተር ሰብለ፣ ኮሎኔሉ ዛሬ ጠዋት ሞተዋል። አሜሪካ ላለችው ልጃቸውም ደውለን ነግረናታል» አለችኝ። የፊተኛውን እየጠበቅኩት ነበር። የኋለኛው ግን አናደደኝ፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። ምስኪኗ ምንም አላጠፋችም፣ የሥራ ደንቧን ነው የፈጸመችው። እኔና የሐበሾቹ ሽማግሌ ጋሽ ዴታሞ ግን ስንት ጊዜ ስንመክር፣ ስንለፋ የነበረው ያቺ ልጅ የአባቷን ሞት በስልክ እንዳትሰማ ነበር። ኮሎኔሉ ከእኛ የለመኑት ነገር ቢኖር ይኸው አንድ ብቻ ነው።

ኮሎኔል የምንላቸው ጡረታ የወጡ የአሜሪካ ጦር ቀዶ ሐኪም ስለነበሩ ነው። ጆሃንስበርግን መጀመሪያ ያዩዋት በወታደርነታቸው ዘመን ነው። ጦሩ ሐኪሞቹን ወደ ጦር ሜዳ ከመላኩ በፊት ለጥቂት ወራት ወደዚህ ልኳቸው ነበር፤ ጥይትና ጩቤ ያቆሰለው ሰው እንደ እኛ ከተማ በየዕለቱ የሚገኝበት ቦታ ብዙ አይደለምና። «ለጦርነት የተለማመድኩት ሰላም በሆነ አገር ነው» ይሉ ነበር፣ ሳይስቁ። ከዚያ ወደ ጦርነቶቻቸው ሄዱ። በድንኳን ውስጥ፣ በአቧራ መሀል፣ ልጅ እግር ወታደሮችን ሲቆርጡና ሲሰፉ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ አገራቸው ገብተው ብዙ አልቆዩም። ተመልሰው መጡና እኔ በምሠራበት የመንግሥት ሆስፒታል፣ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ወጣት ሐኪሞችን ማስተማርና ከጎናቸው ቆሞ መሥራት ጀመሩ።

ለምን እንደተመለሱ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «አገሬ ገብቼ ሣር ማጨድ ጀምሬ ነበር» አሉኝ። «የማጭደው ሣር አለቀ።» ከዚህ ሌላ ማብራሪያ አልነበራቸውም።

ረጅም ናቸው፤ የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ከማጎንበስ ብዛት ይሁን አላውቅም፣ ከትከሻቸው ጎበጥ ብለዋል። ምሳቸው ዘወትር አንድ ፖምና የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ነው፤ እሱንም ቆመው ነው የሚበሉት። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ከሞላበት ከጀፕ ሰፈር ጥብስ አስጠቅልዬ ሳመጣላቸው አሽትተው ይመልሱልኛል። «ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን ቁጭ ብሎ መብላት ያስፈልገዋል» ይላሉ። አንዲት ባኪ ነበረቻቸው፤ ባኪ እዚህ አገር ፒካፕ መኪና ማለት ነው። ሬዲዮ የላትም፤ የተሰረቀው ሬዲዮ ቦታ እንደተቦረቦረ ቀርቷል። ሳቅ ላይ ቆጣቢ ናቸው። ስንጣላ ደግሞ ክፉኛ ነው የምንጣላው፤ እኔም አፌ አያርፍም፣ እሳቸውም ኮሎኔል ናቸው።

የእኔ ሥራ ነርስነት ነው፤ ሐበሻ ሲመጣ ግን አስተርጓሚም እሆናለሁ። ሐበሻ ደግሞ ይመጣል። በከተማው ዳር ባሉ ሰፈሮች፣ በሶዌቶም በዳቬይተንም፣ ልጆቻችን ስፓዛ በሚባሉት ትናንሽ የሰፈር ሱቆች ውስጥ ዳቦና የስልክ ካርድ ሲሸጡ ይዘረፋሉ፤ ሲዘረፉም በጥይት ይመታሉ። እኔ እናቴ በልጅነቴ ይዛኝ መጥታ እዚሁ ያደግኩ ነኝ። የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ ናቸው፤ አማርኛ ለእነሱም ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ እንግባባለን። ኮሎኔሉን «ማዳላው» ይሏቸዋል፣ ከደንበኞቻቸው በለቀሙት ዙሉ፤ ሽማግሌው ማለታቸው ነው። «ማዳላው አይዋሽም» የሚል ወሬ በጀፕ ሱቆች ሁሉ ተሰራጭቶ ነበር። ትድናለህ ካሉ ትድናለህ። አትድንም ካሉ ለቤተሰብህ የምትለውን በል።

ሰው ሲሞት ለዘመድ የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ለማንም አይተዉትም። ደም የነካውን ልብስ ይቀይራሉ፣ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ፀጉራቸውን በውሃ ያበጥራሉ። ከዚያ ኮሪደር ላይ የሚጠብቀው ሰው ፊት በርከክ ብለው «ልጅሽ ሞቷል»፣ «ባልሽ ሞቷል» ይላሉ። ትንሽ ይቆዩና የሚጠየቁትን መልሰው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ወደ አማርኛ ስመልሰው ምላሴ ይተሳሰር ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግማ። መርዶ የሚነገረው ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በሽማግሌ አፍ ነው። ሰሚው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እስኪዘጋጅ ድረስ ዜናው በሰው ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ሳምንትም ቢሆን፣ ወርም ቢሆን።

ይህን ስነግራቸው ተቆጡ።

«ወሩን ሙሉ ሰው ሁሉ እያወቀ እሱ ብቻ አያውቅም ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ይህ እኮ ስርቆት ነው። ሐዘኑን ነው የምትሰርቁት።»

«እርስዎስ ነግረውት ኮሪደር ላይ ጥለውት መሄድዎ ምንድን ነው?»

ፖማቸውን ይዘው ወጡ፤ ሁለት ቀን አኮረፉኝ።

ሲታረቁኝ ምክንያታቸውን ነገሩኝ። «አንድ ወታደር ነበር» አሉ። «እግሩን ቆርጬ አተረፍኩት። ሲነቃ ስለ ጓደኛው ጠየቀኝ። ጓደኛው አጠገቡ በነበረው ጠረጴዛ ላይ ሞቷል። እንዳይብስበት ብዬ ደህና ነው አልኩት። ደስ ብሎት በአውሮፕላን ወደ ሌላ ሆስፒታል ሄደ። እዚያ አንድ ጸሐፊ እያስፈረመው እግረ መንገዱን ነገረው። ልጁ ስልኬን አፈላልጎ ደወለልኝ። ውሸታም ነህ ብሎኝ ዘጋው።» ከዚያ ወዲያ ለማንም ዋሽተው አያውቁም። እኔም አመንኳቸው፤ በሐሳባቸው ግን አልተስማማሁም።

የታምራትና የአበራ ነገር የመጣው በዚህ መሀል ነው። ወንድማማቾች ናቸው፤ ዳቬይተን ውስጥ አንድ ስፓዛ ይሠሩ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘራፊዎች ገብተው ሁለቱንም በጥይት መቷቸው። ታላቁ አበራ ደረቱን ነበር፤ ኮሎኔሉ እጅ ላይ ሞተ። ጓንታቸውን ቀይረው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ዞሩ። ሆዱን የተመታው ታምራት ተረፈ። ሁሉ ነገር ሲያልቅ ኮሎኔሉ እንደ ልማዳቸው ታጥበው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ወጡና «ለማን ነው የምናገረው?» አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም። ለአበራ በዚህ አገር ያለው ብቸኛ የሥጋ ዘመድ በማደንዘዣ የተኛው ታምራት ነበር። ፀጉራቸው እንደረጠበ ባዶው አግዳሚ ወንበር ፊት ትንሽ ቆሙና ተመልሰው ገቡ። አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ጋሽ ዴታሞ ናቸው፤ ጀፕ ውስጥ የጅምላ ሱቅ ያላቸው፣ የሆሳዕና ልጆች ሲታመሙም ሲታሰሩም ሲጣሉም የሚጠሯቸው ሰው። ሻይ ክፍል አስቀመጥኳቸውና ኮሎኔሉን ጠራሁ።

«ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልን፣ ልጁን አትርፈውልናል» አሉ ጋሽ ዴታሞ። «አሁን አንድ ልመና አለን። የወንድሙን ነገር እዚህ አይስማ።»

«ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ» አሉ ኮሎኔሉ።

«ቁስሉ ገና ነው። ሲያለቅስ ቢፈታበትስ?»

«እኔ የሰፋሁት ነው። አይፈታም።»

«ስፌቱን ይተዉት፣ ዶክተር። ማን ይዞት ነው የሚያለቅሰው? በግራው በሽተኛ፣ በቀኙ በሽተኛ። ሲድን እኔ ቤት እንወስደዋለን። ያገሩ ሰው ይሰበሰባል። እኛ እንነግረዋለን።» ኮሎኔሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ጋሽ ዴታሞ ከወንበራቸው ተነስተው እግራቸው ላይ ሊወድቁ አጎነበሱ። ኮሎኔሉ ክው ብለው በሁለት እጃቸው ትከሻቸውን ያዟቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደዚያ ተያይዘው ቆሙ።

«ንገሪያቸው» አሉኝ ኮሎኔሉ በመጨረሻ። «አልዋሽም። ግን ከልጁ ፊት ዞር ማለት እችላለሁ።»

ይህ ለእሳቸው ቀላል ነገር አልነበረም። የከፈቱትን ሆድ ጠዋት ጠዋት በእጃቸው ሳይዳስሱ አይውሉም፤ የሌላ ሐኪም ዓይን አያምኑም። አሁን ግን ከታምራት አልጋ ሲደርሱ ይዘሉታል። ልጁ ከመተንፈሻው መሣሪያ ተላቆ መናገር ሲጀምር መጀመሪያ ያነሳው አበራን ነው። ጠያቂዎቹ እየተቀባበሉ «ሌላ ሆስፒታል ነው፣ እየተሻለው ነው» ይሉታል። «እሺ» ይላል። የአበራ አስከሬን በዚያው ሳምንት ወደ አገር ቤት ተሸኘ፤ ያን ዕለት የመጡት ጠያቂዎች ሁሉ ቀያይ ዓይናቸውን በመንገዱ አቧራ አሳበቡ። ታምራት አሁንም «እሺ» አለ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ቁስሉን ሳጥብለት እጄን ያዘኝ።

«ሲስተር፣ ማዳላውን ጥሪልኝ።»

«ሥራ ላይ ናቸው።»

«ኤይሽ ሲስተር፣ በአጠገቤ እኮ ነው የሚያልፈው። ያንን ሰውዬ ያያል፣ ያንን ያያል፣ እኔን ይዘላል። ጥሪልኝ በቃ።»

ለኮሎኔሉ ነገርኳቸው። እንደ ተከሳሽ ቀስ እያሉ መጥተው ግርጌው ቆሙ።

«ዶክተር፣ እኔ እድናለሁ?» አላቸው ታምራት።

«ትድናለህ።»

«ሻርፕ» አለ፤ በሰፈሩ አነጋገር ጥሩ ማለት ነው። ወደ እኔ ዞረ። «ሲስተር፣ ተርጉሚለት። እኔ የምሞት ቢሆን መጥቶ ይነግረኝ ነበር። እሱ ለሁሉም ይናገራል፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለእኔ ግን የማይናገረው ነገር አለው። አበራ ነው። ወንድሜ ሞቷል።»

እንደምንም ተረጎምኩት። ኮሎኔሉ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ታምራት ግሉኮስ የተሰካበትን እጁን ብድግ አደረገ።

«አይናገር! አይናገር በይው። እሱ ከተናገረ እዚሁ ማልቀሴ ነው። ማን ጋ ነው የማለቅሰው እዚህ? ጋሽ ዴታሞ ይነግረኛል፣ ቤት ሰው አለ። እነሱም እንዳወቅኩ እንዳትነግሯቸው፣ ፕሊስ። ስንት ጊዜ ተጨንቀው ደብቀውልኛል።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አላለቀሰም። ቆመው የሚበሉት ኮሎኔል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ ብርድ ልብሱን ገልጠው ሆዱን ዳሰሱ፣ መልሰው አለበሱት፣ ግን አልተነሱም። ወጣት ሐኪሞች ሲጠሯቸው በእጃቸው ሂዱ አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ መጥተው ይቀመጣሉ። ጠያቂዎች መጥተው «አበራ ሰላም ብሎሃል» ሲሉት እኔና ኮሎኔሉ ወለል ወለሉን እናያለን። ልጁ ደግሞ «ሰላም በሉልኝ» ይላል። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ችዬ አላውቅም፤ ቤቴ ገብቼ እኔ አለቅስለት ነበር።

ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ጋሽ ዴታሞ ቤት ተሰበሰብን። ኮሎኔሉም ተጠርተው ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ታምራት ከመኝታ ክፍል ሲወጣ ቤት ሙሉ ሰው አየ። ጋሽ ዴታሞ «ታምራት፣ በርታ፣ ወንድምህ አበራ...» ሲሉ ሴቶቹ ጮኹ። እኔ የልጁን ፊት እያየሁ ነበር፤ ምን ብሎ ያስመስል ይሆን ብዬ ፈርቼለት። ማስመሰል አላስፈለገውም። የተሰፋ ሆዱን ይዞ እጥፍ አለ፤ ከአንጀቱ የወጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አራት ወንዶች ናቸው የያዙት። አንደኛው ኮሎኔሉ ናቸው።

በባኪዋ ስንመለስ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር።

«ልጁ ያውቅ ነበር» አሉ።

«ያውቅ ነበር።»

«ታዲያ ያ ለቅሶ ከየት መጣ?»

«አስቀምጦት ነበራ፣ ኮሎኔል። ሰው እስኪመጣለት።»

ትራፊክ መብራት ላይ አረንጓዴው በርቶ መኪኖች ከኋላ ሲጮሁባቸው እንኳ አልተንቀሳቀሱም። «ዕድሜዬን ሙሉ» አሉ፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ነዱ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲሞት ኮሪደር ወጥተው መጀመሪያ «ማን አብሮህ ቢሆን ትወዳለህ?» ብለው ይጠይቁ ጀመር። ዘመድ ከሩቅ ሰፈር በታክሲ እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ወጣቶቹ ሐኪሞች ጊዜ አባከኑ ብለው ያሟቸዋል። ሞተ የሚለውን ቃል ግን አልተዉትም፤ እሱ ላይ እስከ መጨረሻው ተጨቃጨቅን።

ሕመማቸውን የነገሩኝ ፖም እየላጡ ነው። «ቆሽቴ ላይ ካንሰር አለ። ምስሉን ራሴ አይቼዋለሁ። እሞታለሁ» አሉኝ።

«እንዲህ ነው የሚነገረው?» ብዬ ጮኽኩባቸው። «እኔስ ሰው አይደለሁም? ለእኔ ማንን ጠርተውልኛል?»

ደነገጡ። ቢላዋውን አስቀመጡ። «ልክ ነሽ። ማንን ልጥራልሽ?»

«ማንንም አልፈልግም። ዝም ብለው እዚህ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። እያለቀስኩ የላጡትን ፖም እኔ በላሁት።

ልጃቸው ኤለን ትባላለች፤ አንድ ልጃቸው ናት። እንደማይቀራረቡ አውቅ ነበር። ለእሷ መቼ እንደሚነግሯት ስጠይቃቸው መስኮቱን እያዩ መለሱልኝ። «ለኤለን ሁሉንም ነገር የነገርኳት በስልክ ነው። ለልደቷ እንደማልመጣ፣ በስልክ። ከእናቷ ጋር እንደምንፋታ፣ በስልክ። እናቷ ስትሞትም ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነበርኩ። ደውዬ እናትሽ ሞታለች አልኳት፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ። ወዲያው ቁስለኛ መጣብኝና ዘጋሁ።» አንገታቸውን ደፉ። «የእኔን ሞት በስልክ እንዳትሰማ፣ ሰብለ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሄደው ፊት ለፊት ሊነግሯት አሰቡ፤ ሰውነታቸው ግን ከዳቸው። መቆም ሲያቅታቸው ሕሙማን ማረፊያ ገቡ። ታመምኩ ብለው እንኳ አልነገሯትም፤ ይህም በስልክ መሆኑ ነው ብለው። በዚህ ብዙ ተቆጣኋቸው፤ አልሰሙኝም። ያን ጊዜ ነው ወደ ጋሽ ዴታሞ የሄድኩት። ጋሽ ዴታሞ ዘመድ የሌላቸው የዓለም ከተማ ያለ አይመስለኝም። ኤለን ከምትኖርበት ከተማ አንድ የወንድማቸውን ልጅ አገኙ። እሱና ሚስቱ ሁለት ሽማግሌ ይዘው፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሯን ሊያንኳኩ ተዘጋጁ። ይህን ለኮሎኔሉ ስነግራቸው «ፖሊስ ትጠራለች!» ብለው ሳቁ፤ ሆዳቸውን ይዘው፣ ሕመሙ እስኪያቋርጣቸው። በኋላ የቅርብ ጓደኛዋን ስም አስታወሱልን፤ ከእሷ ጋር እንዲሄዱ ተስማማን። ታምራት እሑድ እሑድ ሱቁን ዘግቶ ከዳቬይተን ይመጣ ነበር። ብዙ የሚያነጋግር ቋንቋ የላቸውም፤ ዝም ብለው ይቀመጣሉ።

ለሕሙማን ማረፊያው ነርስ፣ ሲሞቱ ለእኔ ብቻ ደውሉ ብያት ነበር። ኮሎኔሉ የሞቱት ግን እሷ በሌለችበት ጠዋት ነው። ተረኛዋ የቅርብ ተጠሪያቸውን የኤለንን ስልክ አግኝታ ደወለች። በቃ። የደከምንበት ሁሉ እንዲሁ ቀረ። ጋሽ ዴታሞ ጋ ሄጄ ስነግራቸው ቆባቸውን አውልቀው ሱቃቸው ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀመጡ። «አንዲት ነገር ለመኑን» አሉ፣ «አንዲት።»

ኤለን አመዳቸውን ልትወስድ መጣች፤ ሬሳቸው እንዲቃጠል ተናዝዘው ነበር፣ ይህም ለጋሽ ዴታሞ አልተዋጠላቸውም። ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ቁመቷም፣ ትከሻዋ ላይ ጎበጥ ማለቷም የአባቷ ነው። አንድ ዘለላ እንባ አላየሁባትም። «ላደረጋችሁት ሁሉ አመሰግናለሁ» ትላለች፣ እንደ እንግዳ። ሆቴሏ አድርሻት ስመለስ ጋሽ ዴታሞ ደወሉልኝ።

«ነገ ጎህ ሲቀድ እኔ ቤት ይዘሻት ነይ።»

«ጋሼ፣ ሰምታለች እኮ።»

«ሰምታለች። ግን ማን ነገራት?»

ይዣት ሄድኩ። ከጉዞሽ በፊት ሰዎች ሊያዩሽ ይፈልጋሉ ብቻ ነው ያልኳት። ሳሎኑ ዙሪያውን ፍራሽ ተነጥፏል፤ ኮሎኔሉ የሰፏቸው ልጆች፣ የልጆቹ ሚስቶች፣ የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኞች ሳይቀሩ መጥተዋል። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። መሀል አስቀመጥናት። ግራ ተጋብታ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ጋሽ ዴታሞ ተነስተው «ልጄ፣ አባትሽ...» አሉና ድምፃቸው ተቆረጠ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መተርጎም የእኔ ሥራ ነበር፤ የስንቱን ሞት በእንግሊዝኛም በአማርኛም ስመላልስ ኖሬያለሁ። ያን ዕለት ግን አንዲት ቃል አልወጣ አለኝ።

ታምራት ከበሩ አጠገብ ተነስቶ መጣ። በዚያ በዳቬይተን እንግሊዝኛው፣ ቀስ ብሎ፣ «እህቴ፣ አባትሽ ሞቷል» አላት።

ሴቶቹ ጮኹ። ኤለን አንዴ ዙሪያዋን ተመለከተች። «አውቃለሁ» አለች። እንደገና፣ «አውቃለሁ እኮ» አለች፤ በዚያው ፊቷ ተበተነ። ሁለት ሴቶች ደገፏት። እያለቀሰች እጅጌዬን ትጎትተኛለች፤ እንድተረጉምላት ነው።

«ንገሪያቸው» አለችኝ። «ስልኩ ሲመጣ መኪና እያቆምኩ ነበር። ሰማሁና ዘጋሁት፤ ከዚያ ሥራ ገባሁ። ስብሰባ ነበረኝ። ቀኑን ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ማንም ቁጭ በይ አላለኝም።»

ተረጎምኩላቸው። ጋሽ ዴታሞ ጫማቸውን አውልቀው ፍራሹ ላይ ከአጠገቧ ተቀመጡ።

«ሦስት ቀን እንቀመጣለን በያት» አሉኝ።